ዝምተኛው ክንፍ

ስሟን ያወጡላት ሰፈሩም የሥራ ባልደረቦቿም አይደሉም፤ እናቷ ናት። አባቷ የቤት ቀለም ቀቢ ነበር። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ነጩን ቀለም ባልዲ ውስጥ ገልብጦ፣ ከላዩ ጥቂት ሰማያዊ ጠብ አድርጎ በእንጨት ሲያማስል፣ ትንሿ ልጁ ከባልዲው ጎን ቁጢጥ ትላለች። ሰማያዊው እንደ ክር ይሳባል፣ ይጠማዘዛል፣ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ነጩ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። እሷ አፏን ከፍታ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። እናቷ ከጓዳ ትጠራታለች፤ ወይ የለም። ደግማ ትጠራታለች፤ ወይ የለም። አንድ ቀን መጥታ ፊቷ ላይ እጇን ብታወዛውዝባት እንኳ ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም።

«ይቺ ልጅ ገና አልነቃችም፤ ሰመመን ላይ ናት» አለች እናት። ከዚያ ወዲህ ሰመመን ሆና ቀረች።

ትምህርት ቤትም መስኮት ዳር ካስቀመጧት አለቀላት። ደመና ሲያልፍ አብራ ታልፋለች። ቢሆንም እንደምንም ብላ ጨረሰች፤ አባቷ ካረፈ በኋላም እናቷን ለማገዝ መድኃኒት ፋብሪካ ገባች። መጀመሪያ የመደቧት እሽግ ክፍል ነበር። እሽጎቹ በተርታ ሲያልፉ ክኒን የጎደለበትን እየለየች ማውጣት ነው ሥራዋ። ማየቱንስ ታያለች፤ የምታየው ግን ሌላ ነገር ነው። ባዶው እሽግ ከሙሉዎቹ ጋር ተሰልፎ፣ ማንም ሳይነካው፣ እየተዝናና ያልፋል። ተቆጣጣሪዋ መከረቻት፣ ቀጥላ ተቆጣቻት፣ በመጨረሻ እጇን አጨብጭባ «በቃ፣ ወደ እርጥቡ ክፍል ውሰዱልኝ!» አለች።

እርጥቡ ክፍልን ማንም አይፈልገውም ነበር። ከአናት እስከ እግር ጥፍር የሚሸፍን ነጭ ቱታ መልበስ አለ፤ ማስክ አለ፤ የጆሮ መክደኛ አለ፤ የሚያወሩት ሰው ደግሞ የለም። ግድግዳው ነጭ ነው፤ አቧራ እንዳይይዝ ጥጉ ሁሉ ተድቦልቡሏል። መሐል ላይ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሆዳም ገንዳ ተቀምጧል፤ ክዳኑ ላይ ክብ መስታወት አለው። ገንዳው ወለል ላይ ባለ ሦስት ክንድ ብረት ተጋድሞ ይዞራል። መሐንዲሶቹ ለዚህ ብረት ረጅም የፈረንጅ ስም አላቸው፤ ሠራተኛው ግን «ክንፉ» ይለዋል፤ አለቀ።

የክፍሉ ሥራ እንዲህ ነው። መድኃኒት በደረቅ ዱቄትነቱ ለክኒን አይመችም፤ ይበናል፣ ማሽን ውስጥ በወጉ አይወርድም፣ ቢጫኑትም አይያያዝም። ስለዚህ ክንፉ ዱቄቱን እያዞረ ውኃና ማያያዣ ይረጭበታል። ዱቄቱ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ወንዝ አሸዋ ፍሬ ፍሬ ይሆናል። ከዚያ ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ ወደ ክኒን መጫኛው ይሄዳል። ነገሩ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። ክንፉ ከዘገየ ግን ግማሹ ጭቃ ግማሹ ትቢያ ሆኖ ይቀራል። ከፈጠነ ደግሞ ይሞቃል፣ ይጠብቃል፣ ፍሬው ጠጠር ይሆናል፤ ከጠጠር የተሠራ ክኒን በሽተኛው ሆድ ገብቶ እንደ እንግዳ ጎብኝቶ ይወጣል እንጂ አይሟሟም።

ሰመመን የመጀመሪያ ቀን በክቡ መስታወት ወደ ውስጥ ተመለከተች። ዱቄቱ መጀመሪያ ዘለል ዘለል ይል ነበር፤ ከጥልቅ እንቅልፍ የተቀሰቀሰ ሰው ይመስል ይነሳል፣ ይወድቃል። ከዚያ ርጥበቱ ሲገባና ፍጥነቱ ሲጨመር ሐሳቡን የለወጠ ያህል ዝግ አለ። በገንዳው ግድግዳ ላይ ተጋድሞ፣ ወፍራም ነጭ ገመድ ሆኖ እየተጠማዘዘ፣ ወደ ላይ እየወጣ፣ መሐል ላይ እየፈሰሰ፣ እንደገና ከሥር እየተነሳ ዞረ። እግሯ ያለበትን ረሳች። አሠልጣኟ ትከሻዋን ነቅንቆ «ገባሽ?» ሲላት፣ «አዎ» አለች፤ የጠየቃትን ግን አልሰማችም።

ለቅጣት የላኳት ቦታ ተስማማት። ዓመታት አለፉ፤ እሷም በክቡ መስታወት ፊት ቆማ አሳለፈቻቸው። መቼ ውኃ እንደሚበቃው፣ መቼ ክንፉ እንደሚቆም ከመሣሪያው ይልቅ በጆሮዋ ታውቀዋለች። ክንፉ ሲዞር ያጉረመርማል፤ ዱቄቱ ሲከብድበት ድምፁ ይወፍራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ ትንፋሹን እንደሚሰበስብ ዘፋኝ ቆም ይላል። ያኔ ታጠፋዋለች። ባልደረቦቿ በደጅ ሲያልፉ «ቀስ በሉ፣ ሰመመንን እንዳታነቋት!» እያሉ ይሳሳቃሉ። እሷም ትሰማለች፤ ትስቃለች፤ ተመልሳ ወደ መስታወቱ ትዞራለች።

ባል አላገባችም። የጠየቃት አልጠፋም ነበር፤ አንዱን «እሺ አስብበታለሁ» ብላ ማሰቡን ረሳችው፤ ሰውየው ሌላ አግብቶ ወለደ። እናቷ ይህን ነገር ባነሳች ቁጥር ራሷን ትይዛለች።

ነገሩ የተለወጠው ክኒኖቹ ቆባቸውን ማውለቅ ሲጀምሩ ነው። ተጭኖ የወጣው ክኒን አናቱ እንደ ቆብ ወለቅ ይላል። የክኒን መጫኛው ሰዎች የእነሱን ማሽን ፈተሹ፤ ደህና ነው። ጣታቸውን ወደ እርጥቡ ክፍል ቀሰሩ። የምርት ክፍሉን የምትመራው ፋርማሲስት ከሰመመን በዕድሜ ታንሳለች፤ ወሬዋ ፈጣን፣ እርምጃዋ ከወሬዋ የፈጠነ ሴት ናት። መጥታ ገንዳውን አስከፈተችና ጓንት ያጠለቀ ጣቷን በክንፉና በወለሉ መካከል ሰደደች። ጣቷ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

«እትዬ፣ እዚህ መሐል ወረቀት እንኳ መሹለክ አልነበረበትም እኮ» አለች። «ክንፉ ተበልቷል። እዪ፣ ከሥሩ ዱቄቱ ተጋግሮ ቀርቷል። ግማሹ ሳይነካ ነው የሚወጣው።»

ሰመመን አጎንብሳ አየች። የክንፉ ጠርዝ ሳስቶ፣ ተቦርቡሮ፣ የሽማግሌ ድድ መስሏል። ስትሰማው የኖረችው ያ መንቀጥቀጥ የእርጅና መሆኑ ያን ዕለት ገባት። አሳዘናት፤ ብረት አሳዘነኝ ብላ ለማን ትናገር?

የማሽኑ ሠሪ ያንን ዓይነት ክንፍ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ፋርማሲስቷ አጠያይቃ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለች ጎዳና ላይ ልቅም ያለ የብረት ሥራ የሚሠራ አንድ ባለቶርኖ አገኘች። ለሆስፒታል መሣሪያ፣ ለላቦራቶሪ፣ ለምኑም ለምኑም መለዋወጫ የሚፈበርክ ሰው ነው። ልኬት ሊወስድ መጣ።

ግዙፍ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን የትንሽ ሰው ነው። በፋብሪካው የነበረው ትልቁ ቱታ ክንዱ ላይ አጠረበት፤ የፀጉር መሸፈኛው መነጽሩ ላይ እየወረደ አስቸገረው። ገንዳው ውስጥ አንገቱን አስገብቶ መለኪያውን ሲያስጠጋ ሰመመን መብራት ያዘችለት። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ያልተጠበቀ ነገር ጠየቃት።

«እርስዎ፣ ይኼ ክንፍ ሲዞር ምን ይላል?»

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። አፈረች። ቢሆንም ማስኳን ዝቅ አድርጋ «እምምም…» ብላ አንጎራጎረችለት፤ ድምፁ የሚወፍርበትን፣ የሚንቀጠቀጥበትንም ጭምር።

ሰውየው አንገቱን ዘንበል አደረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቀኝ ጆሮዬን የቶርኖው ጩኸት በልቶታል። በግራ በኩል ይድገሙልኝ?»

ዞራ በግራ ጆሮው በኩል ቆመችና ደገመችለት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ፋርማሲስቷ በሩ ላይ ባለው መስታወት በኩል አይታ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ምን ነካቸው ብላ ለአፍታ ግራ ገባት።

«ይኼ ሦስት እግር ያለው አንካሳ ነው» አለ ሰውየው በመጨረሻ። «አንዱ ክንድ ከሁለቱ ይበልጥ አልቋል።» መለኪያውንም አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ እውነትም ነበር።

አዲሱን ክንፍ ሠርቶ ያመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው። ያበራል። ገንዳው ውስጥ ገጥመው፣ ባዶውን ቀስ ብለው አስነሱት። አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ጥርስ የሚያንሰፈስፍ ጩኸት ክፍሉን ሞላው። ሰመመን ቀዩን ቁልፍ ደፈጠጠችው። ሲከፍቱት ከክንዶቹ አንዱ ከፀጉር በሳሳ መጠን ዝቅ ብሎ ወለሉን ጭሮታል።

ፋርማሲስቷ ግንባሯን ያዘች። ባለቶርኖው ግን ሰበብ አልፈለገም።

«ስበይደው ሙቀቱ አጉብጦታል። እኔ ደግሞ ሳይበርድ ነው የለካሁት፤ ቸኮልኩ» አለ፤ ክንፉንም እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ወጣ። የተጫረውንም ወለል በማግሥቱ መጥቶ፣ ገንዳው ውስጥ ተንበርክኮ፣ ጣት ሲያልፍበት እስከማይሰማው ድረስ አለስልሶ ወለወለው።

ሁለተኛው ሲያልቅ ፋርማሲስቷ «እትዬ፣ ሳይመጣ በፊት ሄደሽ እዪልኝ፤ ሁለተኛ ጊዜ እንዲያ ሲጮህ ከሰማሁ ልቤ ቀጥ ይላል» ብላ ሰመመንን ላከቻት።

የባለቶርኖው ቤት ግማሹ በር የተዘጋ፣ ግማሹ ለመንገዱ የተከፈተ ጠባብ ክፍል ነው። የዘይትና የጋለ ብረት ሽታ አለው። ወለሉ ላይ የተላገ ብረት እንደ ፀጉር ተጠቅልሎ ወድቋል፤ ፀሐይ በበሩ ሲገባ ያ ሁሉ ጥቅልል ወርቅ ይመስላል። ሰውየው በጣም የለዘበ ጥቁር የድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ክንፉን አስቀምጦ ጠበቃት። አንዲት ባለ መርፌ መለኪያ ከክንዱ ሥር አስጠግቶ ክንፉን በእጁ ቀስ አድርጎ አዞረው።

«መርፌዋን ይዩ። ከተነቃነቀች ይዤው ወደ ቶርኖው እመለሳለሁ፣ አልሰጥዎትም።»

ሰመመን መርፌዋን አየች። አንዱ ክንድ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። መርፌዋ እንደተኛች ናት። ክንፉ መዞሩን ቀጠለ፤ ጠርዙ እንደ ውኃ ብርሃኑን እየወሰደ እየመለሰ፣ የመንገዱን ሰዎች፣ ሰማዩን፣ የእሷን ፊት በተራ እያሳየ ዞረ። ሲዞር ሲዞር ሰውየው ማቆሙን ረሳው፤ እሷም ማየቷን አላቆመችም። መንገድ ላይ አንድ ሻጭ ሲጮህ ነው ሁለቱም የባነኑት።

«ምን ያህል ቆየን?» አለችው።

«እኔንጃ» አለ ባለቶርኖው። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «እኔ እንኳ የቆምነው ገና አሁን መስሎኝ ነበር።»

ክንፉ ተገጠመ። ቀስ ብለው ሲያስነሱት ጩኸት የለም። ጨመሩ፤ ጩኸት የለም። እንዲያውም ምንም የለም። ሰመመን የጆሮ መክደኛዋን አነሳች፤ ሞተሩ በስሱ ይሰማል፣ ክንፉ ግን ዝም ብሏል። ሁሉም ተደሰተ። እሷ ብቻ የማታውቀው ቤት የገባች ሰው ሆነች።

መድኃኒቱ ሳይገባበት በፊት በሙከራ ዱቄት ሊያዩት ተስማሙ። የፍጥነቱ ነገር ሲነሳ ፋርማሲስቷ፣ «አዲስ ክንፍ ነው፤ ከዝቅተኛው ጀምረን ቀስ በቀስ ብንወጣስ?» አለች።

ሰመመን በሕይወቷ ሙሉ በማንም ላይ ድርቅ ብላ አታውቅም። ያን ዕለት ግን ፍንክች አላለችም። «ዱቄት በድሮው ፍጥነት ስሠራ ነው የኖርኩት። ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው፣ ገንዳውም ያው ገንዳ።»

ፋርማሲስቷ አየቻት፤ እሺም እምቢም ያለች ሳትመስል ትከሻዋን ሰበቀች። «እሺ፤ ለዚሁ አይደል ሙከራ የሚባለው።»

ሰመመን በድሮው ፍጥነት አስነሳችው። ውኃው ገባ። እሷም ያንን ድምፅ ጠበቀች። የሚወፍርበትን ጠበቀች፤ አልወፈረም። ትንፋሹን የሚሰበስብበትን ጠበቀች፤ አልሰበሰበም። በመስታወቱ ስታይ ገመዱ መጣ፣ አማረ፣ ከዚያ ደግሞ ተበጣጠሰ፤ እሷ ግን ዓይኗን ሳይሆን ጆሮዋን ነበር የምታምነው። ቆይታ ቆይታ ስታጠፋውና ሲከፍቱት፣ ገንዳው ውስጥ ያለው የልጆች ብይ የሚያካክል ድቡልቡል ጠጠር ነው። ትኩስ ነው። አንዱን ፋርማሲስቷ በጣቷ ለመጫን ሞከረች፤ አልፈረጠም። ወለል ላይ ቢወድቅባት ቋ ብሎ እየነጠረ ከበሩ ሥር ቆመ።

ማንም አልተቆጣም። ፋርማሲስቷ «ነገ እንደገና» ብቻ አለች፤ ይህ ከቁጣው ባሰባት። ሰመመን ቱታዋን አውልቃ፣ ሰው ሰላም ሳትል፣ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግሥቱ አሞኛል ብላ ቀረች። ከእናቷ ጋር የሚኖሩባት ቤት ሁለት ክፍል ናት፤ በፊት ለፊቷ መስኮት የጎረቤት ልብስ ማስጫ ገመድ ይታያል። ነጭ አንሶላ ሲሰጣና ንፋስ ሲገባበት ማየት ትወድ ነበር። ያን ቀን ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ጆሮዬ ሞተ፣ እማዬ።»

«ውይ በሞትኩት!» ብላ እናት ደነገጠች። ትንሽ አሰበችና ግን፣ «ቆይ፣ ሞቶ ቢሆን ኖሮ አሁን ምን ሆነሽ ነው ስልሽ አትሰሚኝም ነበር። ለነገሩ በደህናው ጊዜስ መቼ ሰማሽኝ!» አለች። ሰመመን ትራሱን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። እናቷ እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ ስታሻሽላት ቆየች።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እናት ከፍታ ከበሩ የሚሰፋ ሰው ስታይ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።

«የፋብሪካው ክንፍ ሠሪ ነኝ» አለ ያ ትንሽ ድምፅ። «ፋርማሲስቷ ነግራኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ክንፍ እንደሆነ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ክንፍ?» አለች እናት። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ፣ «ሰመመን! መልአክ መጥቷል መሰለኝ፤ ተነሺ!» ብላ ጮኸች።

ሻይ ቀረበለት። እሱም በግራ ጆሮው በኩል እንዲቀመጡለት ለመናቸው፤ ሁለቱ ሴቶች አንድ ጎን ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ። ሰመመን የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እሱ ሲሰማ ከቆየ በኋላ የሻይ ማንኪያውን አነሳ።

«የድሮው ክንፍ ዱቄቱ ከሥሩ ያመልጠው ነበር አይደል? ሲዞር ግማሹን ይገፋል፣ ግማሹ ከሥሩ ይሾልክበታል። እርስዎ ደግሞ ያንን ለማካካስ ያስሮጡታል። አንካሳ ፈረስ ላይ ተቀምጠው አለንጋ ለምደዋል ማለት ነው። አሁን ጤነኛ ፈረስ ሰጠሁዎት፤ እርስዎ አለንጋውን አላስቀመጡም።»

«ድምፅ የለውም እኮ» አለች ሰመመን። «እንዴት ብዬ ልወቀው?»

«እኔስ በግማሽ ጆሮ እንዴት የምሠራ ይመስልዎታል?» ብሎ ሰፊ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «በዚህ ነው። ነገ ልምጣ?»

እናት ከልጇ ቀድማ «ይምጡ እንጂ!» አለች።

በማግሥቱ ሦስቱም እርጥቡ ክፍል ተገናኙ። ፋርማሲስቷ ሞተሩ የሚስበውን ኃይል በሚያሳየው መሣሪያ ፊት ቆመች። ሰመመን የፍጥነቱን ቁልፍ ይዛ ቆመች። ባለቶርኖው ጓንቱን አውልቆ መዳፉን በገንዳው ሆድ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ለጠፈ፤ እሷም ከጎኑ ሌላኛውን እጇን እንድትለጥፍ ነገራት።

ከዝቅተኛው ጀመሩ። በመስታወቱ ውስጥ ዱቄቱ ዘለል ዘለል ይላል። በመዳፏ ሥር ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ የሚል ነገር ይሰማታል፤ ሩቅ ቦታ የሚጫወቱ ልጆች ኮቴ ይመስላል። ውኃው ገባ፤ አንዳንድ ቦታ ጭቃ ቋጠረ። «ትንሽ ጨምሪ» አለች ፋርማሲስቷ። ጨመረች። ቱክቱኩ ተቀራረበ። «ትንሽ ደግሞ።» ጨመረች። በድንገት ኮቴው ሁሉ ጠፋ። በመዳፏ ሥር አንድ ወጥ ለስላሳ ነገር፣ የተኛች ድመት ሆድ የመሰለ ነገር፣ እየሞቀ ሲያልፍ ተሰማት። ዓይኗን ወደ መስታወቱ ብትመልስ ነጩ ገመድ በግድግዳው ላይ ተጋድሞ፣ ሳይቸኩል፣ እየተጠማዘዘ ይዞራል። ከድሮው ፍጥነት ገና ብዙ ይቀራቸው ነበር።

ደንግጣ እጇን ልታነሳ ስትል፣

«እጅሽን አታንሺ!» ብሎ ባለቶርኖው ጮኸ።

ፋርማሲስቷ ከመሣሪያው ቀና አለች። ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አያንሱ ማለቴ ነው» አለ ዝቅ ብሎ። «ይቅርታ፣ አፌ አምልጦኝ ነው።»

«ግድ የለም» አለች ሰመመን። እጇን አላነሳችም። «አንቺው ይሻላል።»

ጥቂት ቆይቶ በመዳፏ ሥር ያለው ነገር ከበድ፣ ሰነፍ ሰነፍ ማለት ጀመረ። «አሁን» አለች። በዚያው ቅጽበት ፋርማሲስቷ «ኃይሉ ወጣ፣ አሁን!» አለች። አጠፉት። ሰመመን ከገንዳው አንድ እፍኝ ዘግና ጨበጠችው፤ ተያያዘ። በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ ለሁለት ተገመሰ፣ አልተልፈሰፈሰም፣ ጠጠርም አልሆነም።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር በዚያ ቀን አላለቀም። ሰመመን ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን ስትል፣ ፋርማሲስቷ ደረቁን ዱቄት ሲያዋሕዱ የዘገየ፣ ውኃ ሲገባ የፈጠነ ይሁን ብላ ተከራከረች፤ ተሞከረ፤ የፋርማሲስቷ በለጠ። ፋርማሲስቷ ደግሞ ውኃው ካለቀ በኋላ ጥቂት በፍጥነት እናቆየው ስትል ሰመመን ይጠነክራል አለች፤ ተሞከረ፤ ጠነከረ። እንዲህ እየተባባሉ፣ አንዷ ስትሸነፍ ሌላዋ እያፌዘችባት፣ በመጨረሻ እውነተኛው መድኃኒት ገባ። ከክኒን መጫኛው ክፍል አንድ ሰው ክኒን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጣ። በሁለት ጣቱ ቢጫነው፣ ጠረጴዛ ላይ ቢጥለው ቆቡን አላወለቀም። የጥራት ክፍሉ ሰዎችም ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምረው አዩት፤ ክኒኑ ለትንሽ ጊዜ እንዳኮረፈ ተቀመጠ፣ ከዚያ ዙሪያው ላላ፣ በመጨረሻ ነጭ ጢስ መስሎ ውኃው ውስጥ ተበተነ። ሰመመን ብርጭቆው ፊት ቆማ አየችው። ሌሎቹ ምሳ ሄደው ሲመለሱ አሁንም እዚያው ነበረች።

ባለቶርኖው ከዚያ በኋላ የክንፉን ሁኔታ ለማየት እየመጣ ይሄድ ነበር። ክንፉ ደህና ነው። ደህና መሆኑን እያወቀ ይመጣል። አንድ ቀን ፋርማሲስቷ በመተላለፊያው አስቁማ፣ «ጋሼ፣ ክንፉስ ምንም አልሆነም፤ ሌላ የታመመ ነገር ካለ ይንገሩን» አለችው። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ መወልወል ጀመረ። ሰመመን ግን ከኋላ መጥታ፣ «የታመመ የለም፤ እኔን ሊያይ ነው የሚመጣው» አለች፤ እንዲህ ዓይነት ነገር በግልጥ ስትናገር ያኔ ነው የተሰማችው። ያን ጊዜ አንተ ብላው፣ እሱም አንቺ ብሏት ቆይቷል።

ተጋቡ። ድግስ አልነበረም፤ ጥቂት ሰው፣ ጥቂት ወንበር፣ አንድ ፎቶ። በፎቶው ላይ ሙሽራው መነጽሩን እያስተካከለ ነው፣ ሙሽራዋ ሌላ አቅጣጫ ታያለች፤ ካሜራውን ትክ ብላ የምታየው እናቷ ብቻ ናት። እናቷ በዚያ ዕለት ለጎረቤቶቿ «ለሷ የሚሆን ሰው ከብረት ካልተሠራ አይገኝም ብዬ ነበር፤ ብረት የሚሠራው ራሱ መጣ» ስትል ትደመጥ ነበር። አማቿን ወደደችው፤ የምትነግረውን ግማሹን ስለማይሰማ አይጣሉም። ከሠርጉም በኋላ ከእነሱው ጋር ኖረች፤ በባለቶርኖው ቤት መስኮቱ ሰፋ ያለውን ክፍል ለእሷ ለቀቁላት።

ፋብሪካው ቆይቶ ሌላ ገንዳ አስገባ፤ አዳዲስ ሠራተኞችም ተቀጠሩ። አሠልጣኟ ሰመመን ነበረች። ፍጥነቱን የሚያሳየውን መሣሪያ ታስተምራቸዋለች፤ ፋርማሲስቷ ያወጣችውን መመሪያ ታስነብባቸዋለች፤ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ መዳፋቸውን ገንዳው ላይ አስደርጋ ዝም ትላለች። አንዳንዱ ይገባዋል፣ አንዳንዱ «ምንም አይሰማኝም» ይላታል። ለነዚህኞቹ «መሣሪያውን እዩ እንግዲህ፣ እሱም አይዋሽም» ትላቸዋለች እንጂ አትቆጣም።

ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ግን፣ ከተጋቡ በኋላ በመጀመሪያው የዕረፍት ቀናቸው፣ ባለቶርኖው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ሐይቅ ሊያሳያት ፈለገ። አውቶቡስ ተሳፈሩ። በመስኮቱ በኩል ዛፎቹ እየተከታተሉ ያልፋሉ፤ የሞተሩ ንዝረት በወንበሩ በኩል ይመጣል። እሷ በግራው ተቀመጠች፤ እንዲሰማት። አንድ ነገር ልትነግረው ጀምራ ነበር፤ ምን እንደነበር ግን ሁለቱም ኋላ አላስታወሱትም። ሹፌሩ መጥቶ ትከሻቸውን ሲነካቸው አውቶቡሱ ባዶ ነው።

«ወንድሜ፣ እህቴ፣ እዚህ ነው የሚያበቃው» አለ ሹፌሩ። «ሐይቁን ካለፍነው ቆየን። ስጠራችሁ ነበር እኮ።»

ተያይተው ሳቁ። ወረዱ። የአውቶቡሱ መጨረሻ አንድ ዛፍና ሣር የበዛበት ሜዳ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ንፋሱ ሣሩን ከወዲያ ጫፍ አስነስቶ ወደ እነሱ እያስተኛ ያመጣዋል፣ ደርሶ ያልፋቸዋል፣ እንደገና ከወዲያ ይነሳል። ባለቶርኖው ኮቱን አውልቆ ዛፉ ሥር አነጠፈላት።

«የሚመለሰው መቼ ነው?» ብላ ሹፌሩን ጠየቀችው።

«ሲሞላ» አለ ሹፌሩ።

አካባቢው ላይ ሌላ ሰው አይታይም ነበር። ሰመመን ኮቱ ላይ ተቀመጠች፤ ለባሏም ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት።